ሠላሳው ሰከንድ ለምን ነበር?

አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተተከለች ትንሽ ሰርቨር እንድረከብ ተጠየቅሁ። ራስፕበሪ ፓይ 4 ናት፤ ከእጅ መዳፍ አትበልጥም። የራሱ ቻርጀር ያለው ሃርድ ዲስክ ተሰክቶባታል፤ ዲስኩ ላይ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም የሚነበብ ዊኪፒዲያና ሌሎች መጻሕፍት አሉ። ተማሪዎቹ ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው በዋይፋይዋ ገብተው ያነባሉ። ከእኔ በፊት የተከላት ባለሙያ አገር ለቆ ሄዷል። ትቶልን የሄደው አንድ ስክሪፕት ብቻ ነው።

ስክሪፕቱ ጥሩ እጅ እንደጻፈው ያስታውቃል። መሀሉ ላይ ግን «ስሊፕ 30» የምትል መስመር አለች፤ ሰርቨሯ ስትነሳ ሠላሳ ሰከንድ ምንም ሳትሠራ ትቆያለች ማለት ነው። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። መስመሯን አጠፋኋት። ሰርቨሯን ቢሮ ወስጄ ደጋግሜ ዘግቼ አስነሳኋት፤ ከበፊቱ ፈጥና ተነሳች፤ መለስኳት።

ሳምንት ሳይሞላ ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዙት መምህርት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ገጹ ባዶ ነው፤ አንድም መጽሐፍ አያሳይም» አሉኝ።

ሄጄ ሳየው ገባኝ። ቢሮ ውስጥ ዘግቼ የማስነሳው ቦርዷን ብቻ ነበር፤ ዲስኩ መብራት ሳይቋረጥበት እየዞረ ይጠብቃታል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን መብራት ሲሄድ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ሲመለስም ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ። ዲስኩ ዞሮ እስኪዘጋጅ ቦርዷ ትቀድመዋለች፤ ኪዊክስም መጻሕፍቱን ሲፈልግ ባዶ ፎልደር ያገኛል። ሠላሳው ሰከንድ ለዚህ ነበር። በኋላ ዲስኩ መያያዙ ሳይረጋገጥ ኪዊክስ እንዳይነሳ፣ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ላይ አንድ መስመር ጨመርሁ፤ በጭፍን ከመጠበቅ ይህ ይሻላል። ያ ሰው ግን ከመስመሩ አጠገብ «ዲስኩ ዘግይቶ ስለሚነሳ» ብሎ ሦስት ቃል ጽፎ ቢሆን፣ ልጆቹ ያን ሳምንት ባዶ ገጽ ባላዩ ነበር። እኔም ምክንያቱን ሳላውቅ መስመር ባልሰረዝሁ።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕት ስጽፍ ከትእዛዙ ይልቅ የሚያደክመኝ ከጎኑ ያለው ማስታወሻ ነው። በተለይ የሰዓት ነገር።

ከራስፕበሪ ፓይ 5 በፊት የወጡት ሞዴሎች መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚቆጥር የራሳቸው ቺፕ የላቸውም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 5ኛው አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። ኢንተርኔት ካለ ቦርዱ ሰዓቱን ከዚያ ያስተካክላል። ከሌለ መጨረሻ ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል፤ መብራት አንድ ቀን ሙሉ ጠፍቶ ከዋለ ሰርቨሩ በትናንቱ ቀን ይሠራል። ስለዚህ ዲኤስ3231 የሚባለውን ባለ ባትሪ የሰዓት ቺፕ እገጥማለሁ፤ ለምን እንደገጠምሁም እጽፋለሁ።

ሰዓቱ ልክ ቢሆንም የእኛ አቆጣጠር አለ። አንድ ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ «ግልባጩ 8 ሰዓት ላይ ይወሰድ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሌሊቱን ማለቴ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ያነበበውን፣ ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው ክሮን በተባለ ፕሮግራም ላይ 8 ብሎ አስገባ። ክሮን ደግሞ 8 ሲባል የሚያውቀው ጠዋት 2 ሰዓትን ነው። ልጆቹ ገና ተቀምጠው ማንበብ ሲጀምሩ ዲስኩ በግልባጭ ይጨናነቃል። ልጁ አላጠፋም፤ የማን ሰዓት እንደሆነ ያልጻፍሁት እኔ ነኝ። አሁን «ሌሊት 8 ሰዓት፣ በክሮን 2» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ቀንም እጽፋለሁ። ድሮ የቦርዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም «ፓይ» ከሚባል ተጠቃሚና «ራስፕበሪ» ከሚል ፓስወርድ ጋር ይመጣ ነበር፤ ከኤፕሪል 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል። ቡክወርም የተባለው የሲስተሙ የ2023 እ.ኤ.አ. እትም ኔትወርክ የሚስተካከልበትን መንገድ ለወጠ። ቀን የሌለው ማስታወሻ ትላንት ልክ የነበረውን ዛሬም ልክ ያስመስለዋል፤ አንባቢውም የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

ማስታወሻው የሚቀመጥበት ቦታም ያሳስበኛል። በብዙ ቦታ ያየሁት እዚያው ሰርቨሩ የሚነሳበት ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት የሚቋረጥበት ካርድ ሊበላሽ ይችላል፤ ሲበላሽ ደግሞ እንዴት እንደሚጠገን የሚናገረውን ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በወረቀት አትሜ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ እለጥፋለሁ፤ አንድ ደብተርም ለመምህርቷ ሰጥቻቸዋለሁ።

ባለፈው ስሄድ ደብተሩን ገለጥሁት። ከእኔ ጽሑፍ ሥር በእርሳቸው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጄኔሬተር ሲነሳ መብራቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ይጠፋል። ከመነሳቱ በፊት ሶኬቱን እነቅላለሁ፤ መብራቱ ሲረጋ እሰካለሁ። ካርዱ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»