ያረጀ ትራክተር ለምን ይወደዳል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ያረጀ ትራክተር ማሰባሰብ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ጡረታ የወጣው ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ የወጣውን ከብ ካዴት፣ ወይም ጆን ዲር ኩባንያ በ1963 ያወጣውን ባለ 110 ቁጥር የጓሮ ትራክተር ከወደቀበት ፈልጎ ይገዛል። ዝገቱን ይፍቃል፣ ቀለሙን እንደ ጥንቱ ይቀባል፣ በዓመት አንድ ቀን ለትርዒት ያወጣዋል። እነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች በሥራ ዘመናቸው ሣር ያጭዱና በረዶ ይጠርጉ የነበሩ ናቸው። ዛሬ ዋጋቸው ከሥራቸው ሳይሆን ከትዝታቸው የሚመነጭ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አርባና ሃምሳ ዓመት የሞላው ትራክተር በአርሲና በባሌ ማሳ ላይ ዛሬም ቢገኝ የሚገርመው የለም። የሚወደደውም ስለሚያርስ ነው። ስለዚህ "የትኛው አሮጌ ሞዴል ይወደዳል?" የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ የመዝናኛ ጥያቄ አይደለም። ገንዘቡን አዋጥቶ ትራክተር ሊገዛ ለተነሳ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ወጣት ወይም የገበሬ ማኅበር የኑሮ ጥያቄ ነው። አንድ ስህተት የአሥር ዓመት ጥሪት ይዞ ይሄዳልና።

መልሱን ሳናንዛዛ እንናገር። በኢትዮጵያ ከአሮጌዎቹ ትራክተሮች ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን ነው። እርሱን ተከትለው ፊያት፣ ፎርድና ቤላሩስ ይጠቀሳሉ።

ማሲ ፈርጉሰን ይህን ስም ያተረፈው በማስታወቂያ አይደለም። ከስሙ ግማሹን ያወረሰው ሃሪ ፈርጉሰን የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። ከእርሱ በፊት ማረሻ በትራክተር ላይ በሰንሰለት እንደሚጎተት ግንድ ይታሰር ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሞተሩ መግፋቱን ስለማያቆም የፊቱ ጎማ ወደ ላይ ይነሳና ትራክተሩ በነጂው ላይ ይገለበጣል። ብዙ ሰው በዚህ አልቋል። ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አያይዞ፣ የማረሻውን መጎተት በሃይድሮሊክ የሚቆጣጠር ዘዴ ፈጠረ። አፈሩ ሲጠነክር የላይኛው ክንድ ግፊቱን ይሰማና ማረሻውን በጥቂቱ ያነሳዋል። ክብደቱም ወደ ኋላ ጎማ ስለሚዞር ቀላል ትራክተር እንደ ከባድ ይጎትታል። ዛሬ የትኛውንም ኩባንያ ትራክተር ብናይ ከኋላው ያሉት ሦስት ማያያዣዎች የዚሁ ሰው ሐሳብ ናቸው። ድንጋያማውን የጎጃም ደጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይኸው ሐሳብ የገባበት ግራጫው ትንሽ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ኤቨረስትን የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ በጥር 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰውም በእነዚሁ የእርሻ ትራክተሮች ነበር። በጎማቸው ዙሪያ ሰንሰለት አስገጥሞ በበረዶ ላይ ነዳቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውና በዓለም ዙሪያ በእጅጉ የሚወደደው ባለ 135 ቁጥሩ ማሲ ነው። ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ሲሆን ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ሞተሩም ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ናፍጣ ነው። ኮምፒዩተር የለውም፣ ሴንሰር የለውም። ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውንና የናፍጣ ፓምፑን የሚያውቅ መካኒክ ዛፍ ሥር አውርዶ ይሠራዋል።

ዋናው ምስጢር ግን ሞተሩ አይደለም፤ መለዋወጫው ነው። የኮቨንትሪው ፋብሪካ ቢዘጋም የዚህ ቤተሰብ የሆነው ማሲ 240 በፓኪስታን ሚላት በሚባለው ፋብሪካ ለአሥርተ ዓመታት ሲመረት ኖሯል። ሕንድም ውስጥ ታፌ የሚባለው ኩባንያ ተመሳሳዩን ይሠራል። ስለዚህ አባት ትራክተሩ ቢሞት እንኳ የልጆቹ አካል ይገጥምለታል። መለዋወጫው ርካሽና ብዙ ነው። ትራክተርን የሚያኖረው ቀለሙ ሳይሆን ይኸው ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሲሆን ጎጃም የት ነበር? ይህ ጸሐፊ በትምህርቱ የሕግ ሰው ስለሆነ መልሱን ከብረቱ ይልቅ በመሬት ሕጉ ውስጥ ያገኘዋል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ አርሲ ሲገባ ባለመሬቱ ትራክተር መግዛት አዋጭ ሆኖ አገኘው። ውጤቱ ምን ሆነ? ጭሰኛው ከመሬት ተፈናቀለ። ትራክተሩ የመጣው በጭሰኛው ኪሳራ ነበር ማለት ይቻላል።

በጎጃም ግን መሬቱ በአብዛኛው ርስት ነበር። አንዱን ማሳ አሥር ተወላጅ "የአያቴ ነው" ይላል። ጠራርጎ የሚያባርረው ጭሰኛ የለም፣ አንድ ላይ የሚያርሰው ሰፊ መሬትም የለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ "መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው" ብሎ ጠመንጃ አነሳ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን እስከ ማንሳትና ውዝፍ ግብር እስከ መማር ደረሱ። እንዲህ ባለ አገር ትራክተር ይዞ መሬት ለማጠቃለል የሚደፍር ባለሀብት አይገኝም።

ደርግ ሲመጣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ደነገገ። ትራክተሩ የመንግሥት እርሻና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ንብረት ሆነ። በጎጃም ቆላማ ወገን የአየሁና የብር እርሻዎች የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። በኋላ ወደ ግል ኩባንያ ዞረዋል። ናዝሬት ላይም በ1970ዎቹ በሶቪየት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ቆመ። የተገጣጠመው በሚንስክ ፋብሪካ የተነደፈው ቤላሩስ ነበር።

ቤላሩስን የሚያውቁት "ብረት ነው" ይሉታል። ትልቁ ሞዴል ባለ 80 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም ከ3 ቶን በላይ ነው። ጠንካራና አሠራሩ ግልጽ የሆነ ማሽን ነው፤ ድምፁና መንቀጥቀጡ ግን ነጂውን ያደክማል። ለአየሁ ዓይነት ሜዳ ይሆናል። ለጮቄ ተዳፋት፣ ወይም በክረምት እንደ ሊጥ ለሚሆነው የእነማይ መረሬ አፈር ግን ክብደቱ ጠላቱ ነው።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾቹ ማኅበራት በየቦታው ፈረሱ፣ ትራክተራቸውም ባለቤት አጣ። ከዚያ ደግሞ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። "ቢሮክራት" ወይም "ቀሪ ፊውዳል" ተብለው የተፈረጁት ገበሬዎች ከ1 ሔክታር፣ ማለትም ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። የሽግሽጉን ፍትሐዊነት ለሌላ ቀን እናቆየውና ለትራክተር የተወው ነገር ምን እንደሆነ ብቻ እንመልከት። አንዱ ጥማድ ከወንዝ ማዶ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሌላው ከገደሉ አፋፍ። ቤላሩስ በእንዲህ ያለው ማሳ ላይ ገብቶ ከሚያርሰው ይልቅ ለመዞር የሚያጠፋው ናፍጣ ይበልጣል። ጤፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ገልብጠውት የሚዘሩት እህል አይደለም። ተገምሶ፣ ታይሞ፣ ተሰልሶ ከዚያም በላይ ይለሰልሳል። የጎጃም ገበሬ ከበሬው ያልተለየው ስንፍና ይዞት ወይም ልማድ አስሮት አይደለም። ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። በወረቀት ያልተጻፈ፣ ግን ከብዙ የተጻፈ ውል የበለጠ የሚከበር ውል ነው።

መንግሥትም ከዚህ ሒሳብ ተምሯል ለማለት ያስቸግራል። የናዝሬቱ ፋብሪካ በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተላለፈ። ኮርፖሬሽኑም እ.ኤ.አ. በ2013 ከፖላንዱ ኡርሱስ ኩባንያ ጋር ለ3,000 ትራክተሮች የ90 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። ከተገጣጠሙት ብዙዎቹ ገዢ አጥተው ቆመው ታዩ። ፖለቲካው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ግዢው ሲፈጸም ግን "መለዋወጫው በየከተማው አለ ወይ? መካኒኩስ ያውቀዋል ወይ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አሮጌው ማሲ አዲሱን የሚበልጠው በዚህ ብቻ ነው።

ታዲያ ለደጋው ጎጃም የሚሆነው የትኛው ነው? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለሁለት ነገር የሚሆን ሁለት መልስ አለ። ማሳቸውን በክላስተር አንድ ላይ የሚዘሩ የስንዴ ገበሬዎች በጋራ ቢገዙ ከትልቁ ቤላሩስ ይልቅ ከ45 እስከ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ማሲ ይሻላቸዋል። ማረስ ብቻ ሳይሆን ተሳቢ ጎትቶ እህል ገበያ ያደርሳል፣ ከኋላው ዘንግ ኃይል ተቀድቶ መውቂያ ያዞራል። ትራክተር በዓመት የሚያርሰው ጥቂት ሳምንት ነው፤ የቀረውን ጊዜ ቆሞ ከዋለ ብድሩን አይከፍልም። ለየብቻ ለሚያርስ ባለ 4 ጥማድ ግን በእጅ እየተመራ የሚሄደው ባለሁለት ጎማ ትራክተር ይቀርባል። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ የቻይናው ዶንግፌንግ ዓይነት ማለት ነው። በእስያ የሩዝ አገሮች ጎሽን ከእርሻ ያሰናበተው ይኸው ነው። ውኃ ይስባል፣ ይወቃል፣ ጋሪ ይጎትታል። ድክመቱም አይደበቅ። ደርቆ በተሰነጠቀ መረሬ ላይ አቅም ያንሰዋል፣ በተዳፋት ላይም መሪውን የያዘውን ሰው ወገብ ይፈትናል።

አሮጌ ትራክተር ሊገዙ ላሰቡ አንባቢያን ከሕጉ ወገን ጥቂት ነገር እንጨምር። ከግብርና ሚኒስቴርና ከባንክ ሰዎች ብዙ ምክር ይሰማሉ፣ ይህን ግን የሚነግራቸው የለም።

በመጀመሪያ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በአሮጌ ትራክተር ላይ ሞተር መለወጥ የተለመደ ስለሆነ ልዩነት ቢገኝ ሁልጊዜ ሌብነት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን በወረቀት ያልተስተካከለ ልዩነት በኋላ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ሁለተኛ፣ ትራክተሩ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ በራሱ የጉምሩክ ጥያቄ ያስነሳል። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ ብዙ ማሽን በዚህ መንገድ ገብቷልና ዲክላራሲዮኑን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ሦስተኛ፣ በዚያው ዓመት የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ትራክተርን ይቅርና ከብትንና ሰብልንም ለብድር መያዣ ማድረግ ፈቅዷል። ለተበዳሪ መልካም ዜና ነው። ለገዢ ግን ከፊቱ የቆመው ማሲ በስተጀርባው የባንክ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። የመያዣ መብት በመዝገብ ስለሚመዘገብ ከግዢ በፊት ማጣራት ይቻላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ዕቃው የተደበቀ ጉድለት ቢኖርበት ገዢውን ያለ መድኅን አይተወውም። ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ሳይውል ሳያድር መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ትራክተሩን በሰኔ ገዝቶ፣ ክረምቱን አርሶበት፣ በጥቅምት "ፓምፑ ድሮም የሞተ ነበር" ብሎ የሚከስ ሰው ዳኛ ፊት ብዙ አይራመድም። ስለዚህ ውሉ ሳይፈረም የሚያምኑትን መካኒክ ይዞ ሄዶ ማሽኑን ቀዝቃዛ ሳለ ማስነሳት፣ ማረሻ አሳስሮ ጠንካራ መሬት ላይ ማሳረስ፣ ሃይድሮሊኩ ማረሻውን አንስቶ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዘው ማየት ነው። ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ዋጋው ላይ መነጋገር ይቻላል። ሻጩ ማሳረሱን እምቢ ካለ ደግሞ ገንዘቡን ይዞ መመለስ ይሻላል።