«ስንት ይጠጣሉ?» የሐኪም አጭር ምክር እስከ ምን ይዘልቃል?

የደም ግፊት ይዞት ጤና ጣቢያ የሚመላለስ ሰው ስለ ጨው ይጠየቃል፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስለ መዋጡም ይጠየቃል። መጠጥ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይድበሰበሳል። «መጠጥ ይወስዳሉ?» ይባላል። «ኧረ እኔስ አልፎ አልፎ ነው» ይላል ታካሚው። ካርዱ ላይ «አልፎ አልፎ» ተብሎ ይሰፍራል ወይም ጭራሽ አይጻፍም፤ ተረኛው ይጠራል። የእንግሊዝም ሆነ የስዊድን የቤተሰብ ሐኪም ይህን ጥያቄ ዳር ዳር እያለ ማለፉን የአገራቱ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈውታል። ሐኪም ታካሚውን ስለ መጠጡ ማነጋገሩ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሲጠና የኖረ ነው። የተገኘው መልስ ትንሽ ይገርማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ በአዋጅ ቁጥር ላይ ካለው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1970ዎቹ መጠጥ ያሸነፈው ሰው ሕክምናው ልዩ ሆስፒታል ገብቶ ለወራት መታከም ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የለንደኑ የአእምሮ ሐኪም ግሪፊዝ ኤድዋርድስ ከጂም ኦርፎርድና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ይህን እምነት ፈተነ። በሞድስሊ ሆስፒታል 100 ባለትዳር ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን ረጅም ሕክምና አገኙ። ሌሎቹ ሚስቶቻቸው ባሉበት አንዴ ቁጭ ብለው ተመከሩ፤ «ኃላፊነቱ የእናንተ ነው» ተብለውም ተሸኙ። ውጤቱ በ1977 ታተመ። ከዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የሙያው ሰዎች ቢቆጡ አይፈረድባቸውም፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው በአንድ ቀጠሮ ምክር ተስተካክሏልና።

በዚያው ዘመን በስዊድኗ ማልሞ ከተማ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ለጤና ምርመራ ተጠሩና ጋማ ጂቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለባቸው ተለዩ። ከእነዚህ ገሚሱ ነርስ ዘንድ በየወሩ፣ ሐኪም ዘንድ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየቀረቡ የደም ውጤታቸውን ያዩ ነበር። የቀሩት መጠጥ ቀንሱ የሚል ደብዳቤ ብቻ ደረሳቸው። ሐንስ ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ በ1983 እንዳሳተሙት፣ ክትትል የተደረገላቸው በሕመም ምክንያት ከሥራ የቀሩባቸውና ሆስፒታል የተኙባቸው ቀናት ያነሱ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች «ሰካራም» ተብለው የሚጠሩ አልነበሩም። ሥራ ውለው ቤታቸው የሚገቡ፣ ማታ ማታ ግን ከልክ በላይ የሚጠጡ ናቸው። ዘርፉ ትክክለኛ ታካሚዎቹን ያገኘው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። መጠጥ በአንድ ሕዝብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው መንገድ ላይ ወድቀው ከሚያድሩት ጥቂቶች ሳይሆን ከእነዚህ ብዙዎች ነው።

የቤተሰብ ሐኪሙ ራሱ የተፈተነበት ትልቁ ጥናት በ1988 በእንግሊዝ የታተመው ነው። ፖል ዋላስና ባልደረቦቹ በ47 ክሊኒኮች 909 ታካሚዎችን አሳተፉ። ሐኪሙ የታካሚውን የመጠጥ መጠን ከሌላው ሰው ጋር እያነጻጸረ አሳየ፣ ጉዳቱን አስረዳ፣ ቀጠሮ ያዘ። ከዓመት በኋላ ከተመከሩት ወንዶች 44 በመቶ ያህሉ ከልክ በላይ ከሚጠጡት ተርታ ወጥተዋል፤ ካልተመከሩት ደግሞ 25.5 በመቶ። የሴቶቹም ውጤት ተመሳሳይ ነበር። አንባቢ ሁለተኛውን ቁጥር ልብ ይበልልኝ። ማንም ሳይመክራቸው ሩቡ ቀንሰዋል። ከፊሉ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ለውጥ ነው፤ ከፊሉ ግን በቁጥር መጠየቃቸው ያመጣው ይመስለኛል። «ባለፈው ሳምንት በየዕለቱ ስንት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደምሮ ያውቀዋል።

ለመጠየቂያ የሚሆኑ መሣሪያዎችም ተሠርተዋል። አሜሪካዊው ጆን ዩዊንግ በ1984 ያስተዋወቀው «ኬጅ» አራት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ ጠዋት ለመነቃቃት ብለው ጠጥተው ያውቃሉ? የሚለው አንዱ ነው። ችግሩ ሱስ ውስጥ የገባውን እንጂ ወደዚያው እየተጓዘ ያለውን ብዙም አለማጥመዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት አገሮች አስጠንቶ በ1993 የታተመው «ኦዲት» ይህን ክፍተት ሞላ። ከስድስቱ አገሮች አንዷ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። አሥር ጥያቄዎች፣ ከ0 እስከ 40 ነጥብ አሉት፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ምክር ያስፈልገዋል። ጊዜ ለሌለው ሐኪም የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ይበቃሉ ተብሏል። ድርጅቱ በበርካታ አገሮች፣ ኬንያና ዚምባብዌን ጨምሮ፣ ያካሄደውና በ1996 የታተመው ሙከራም የአምስት ደቂቃ ምክር ከረጅሙ ምክር እንደማያንስ አሳየ።

አምስቱ ደቂቃ እንዴት ይነገር የሚለው ላይ የዊልያም ሚለር ስም ይነሳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኖርዌይ፣ በርገን ሄዶ ሳለ የአነጋገር ስልቱን እንዲያሳያቸው ወጣት ባለሙያዎች ጠየቁት፤ ከዚያ የተነሳውን ሐሳብ በ1983 ጻፈው። ጭብጡ ቀላል ነው፦ ለመቀነስ የሚያበቃውን ምክንያት ሐኪሙ ሳይሆን ታካሚው በራሱ አፍ ይናገረው። በ1993 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ደግሞ ለተቆጪዎች የሚመች አይደለም። አማካሪው ታካሚውን ይበልጥ በተጋፈጠው ቁጥር ታካሚው ከዓመት በኋላ ይበልጥ ሲጠጣ ተገኘ። ነገሩን ወደኛ ጤና ጣቢያ ብናመጣው እንዲህ ያለ ንግግር ይወጣዋል፦

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ ስንት መለኪያ ቀመሱ?»

«ኧረ ሦስት ብትሆን ነው፤ ያው ከጓደኛ ጋር።»

«ከትናንት በስቲያስ?»

«እሱም ያው ነው መሰለኝ፣ ሲስተር።»

«ግፊትዎ በመድኃኒት አልወርድ ያለው አንድም በዚህ ነው። እርስዎ ምን ቢደረግ ይሻላል ይላሉ?»

«ሰኞና ማክሰኞን እንኳ ብተወው…»

«ጥሩ፣ ይሞክሩት። በወሩ ሲመጡ ግፊቱን አብረን እናየዋለን።»

ስድብ የለም፣ ስብከት የለም። ሲስተሯ ያደረገችው ነገር ቁጥር ማስቆጠር፣ ከሕመሙ ጋር ማያያዝና ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ነው።

ውጤቱ ግን ተጋንኖ እንዳይነገር። በ2018 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች ማኅበር 69 ሙከራዎችን ሰብስቦ ነበር፤ ከ33,000 በላይ ሰው የተሳተፈባቸው ናቸው። ከዓመት በኋላ የተመከሩት ካልተመከሩት በሳምንት 20 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ቀንሰው ተገኙ፤ አንድ ጠርሙስ ተኩል ቢራ መሆኑ ነው። በረጅሙ መምከርም ከአጭሩ ብዙም የተለየ ነገር አላመጣም። በ2013 የታተመው የእንግሊዞቹ ሲፕስ ሙከራ ደግሞ ተቺዎችን አስደስቷል። ነጥቡን ነግሮ በራሪ ወረቀት መስጠት፣ አምስት ደቂቃ መምከርና ሃያ ደቂቃ መምከር ተነጻጽረው በውጤት አልተለያዩም። ከዚህ ተነስተው ምክሩ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ምክር የሚሰጠው ሰው ሁሉ አንድ ጠርሙስ ተኩል ቢቀንስና ይህ በሚሊዮኖች ቢባዛ፣ ወጪውም የደቂቃዎች ጨዋታ ከሆነ፣ ጥሩ ንግድ ነው። ሃያ ደቂቃ ካላገኘሁ አልጀምርም ለሚል ሐኪም ደግሞ ሲፕስ ሰበብ አሳጥቶታል።

ዋናው ድክመት ምክሩ አለመሰጠቱ ነው። ስኮትላንድ በ2008 ጤና ቢሮዎቿን በግብ አሠረቻቸው፤ በሦስት ዓመት ወደ 150,000 የሚጠጋ አጭር ምክር እንዲሰጥ ተባለ፣ ግቡም ታለፈ። እንግሊዝ በዚያው ዓመት አዲስ ታካሚን ስለ መጠጥ ለሚጠይቁ ክሊኒኮች መክፈል ጀመረች። በኋላ ሲጠና ክፍያው ሲጀመር ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር፤ ሲቆም ግን መጠየቁ ወዲያው ቀነሰ። ሐኪሞች የሚያነሱት ምክንያት ሁሌም አንድ ነው፦ ጊዜ የለም፣ ታካሚው ይቀየማል። ሱሰኛ ማለት ከሐኪሙ በላይ የሚጠጣ ሰው ነው የምትለዋ የሙያው የቆየች ቀልድ ሌላውን ምክንያት ትናገራለች፤ ራሱ የሚጠጣ ሐኪም የሰውን መጠን መጠየቅ ይከብደዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ የመጀመሪያው እንቅፋት መለኪያ ነው። «ኦዲት» የሚቆጥረው ደረጃውን በጠበቀ አንድ መጠጥ ነው፤ 10 ግራም አልኮል ያህል። የእኛ ሰው የሚጠጣው በጣሳ፣ በብርሌ፣ በመለኪያ፣ በጃምቦ ነው። ጠላው ከቤት ቤት ይለያያል፣ የጠጁም ጥንካሬ እንደ ጣዩ ነው። ቢሆንም መቁጠር አይቻልም ማለት አይደለም። ባለ 5 በመቶ፣ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ አረቄም፣ ጥንካሬው 40 በመቶ ከሆነ፣ ያንኑ ያህል ትይዛለች። እንግሊዞች ከ2016 ወዲህ ለወንድም ለሴትም በሳምንት ከ112 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራሉ። በዚህ ስሌት ከላይ ያየናቸው ጋሼ በቀን ሦስት መለኪያ ሲሉ የሳምንቱን በሦስተኛው ማታ ጨርሰውታል። አረቄ ትንሽ መለኪያ ውስጥ ስለሚቀዳ ጥቂት የጠጡ ይመስላል፤ አዋላጅም ሆነ ነርስ ይህን ስሌት ግድግዳ ላይ ብትለጥፈው አንድ ወረቀት ይበቃታል።

ሁለተኛው እንቅፋት ጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። የቤተሰብ ሕክምና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2013 ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ይህ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የማልሞዎቹን ወንዶች በየወሩ ይከታተል የነበረውም ነርስ ነው። በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ የአእምሮ ጤናን ከጤና ጣቢያ አገልግሎት ጋር ያዋሐደው ፕራይም የተባለ ፕሮግራም የመጠጥ ችግርንም አካትቶ ነበር። በወረዳው በተደረገ ጥናት በ«ኦዲት» መስፈርት ከአራት ወንዶች አንዱ ከመስመሩ በላይ ተገኝቷል፤ ችግሩ ከበረታባቸው ውስጥ 87 በመቶ የሚሆኑት እርዳታ ጠይቀው አያውቁም። ሕጉ በበኩሉ ሥራውን ሠርቷል፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ካርዱ ላይ ግን የስንት መለኪያ ጥያቄ ገና አልገባም።

አጭር ምክር የማይሆናቸው ሰዎች አሉ። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ ካልቀመሰ ሥራ የማይጀምር ሰው «ቀንስ» መባል ሳይሆን ሕክምና ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ቢተው በሁለት ቀን ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሊቃዥና ሊሞት ይችላል። ጠበል ገብቶ ለማቆም የወሰነ ዘመድ ካላችሁ፣ እምነቱን ሳትነኩ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ መንቀጥቀጡና ቅዠቱ መድኃኒት አለው፣ ቫይታሚን ቢ1ም አብሮ ይሰጠዋል። እናንተ ራሳችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ባትጠየቁም ንገሩ፤ «አልፎ አልፎ» ሳይሆን በቁጥር፣ በየትኛው ዕቃ እንደሆነም ጨምራችሁ።