የአደን ታጣፊ አልጋ ዋጋ በሌሊት ሲታሰብ

ለአደን ጉዞ የሚሰናዳ ሰው መሣሪያውንና ጥይቱን፣ መኪናውንና ነዳጁን፣ ፈቃዱንና ስንቁን በጥንቃቄ ሲያሰላ ይሰነብታል። ታጣፊ አልጋ ግን ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ታስቦ ከተገኘበት ሱቅ ተገዝቶ የሚጫን ዕቃ ነው። ገዢው የሚጠይቀው ጥያቄም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ስንት ነው? የጥያቄው ጉድለት የሚታየው አልጋው በጫካ ውስጥ፣ ከማንኛውም ሱቅ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ሲሰበር ነው።

በአገራችን ሕጋዊ አደን የሚካሄደው በተከለሉ የአደን ሥፍራዎች፣ በፈቃድና በተወሰነ ኮታ ነው። ከሁሉም ይበልጥ የውጭ አገር አዳኞችን የሚስበው ኒያላ በመባል የሚታወቀው የደጋ አጋዘን ሲሆን፣ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ኦዶ ቡሉና አባሼባ ደመሮን በመሳሰሉት የባሌ የአደን ሥፍራዎች አንድ ጉዞ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈለ ደንበኛ በሦስተኛው ሌሊት አልጋው ተሰብሮ መሬት ላይ ቢያድር፣ ኪሳራው ከአልጋው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይሆንም። የሳፋሪ ድርጅት የሚኖረው በስሙ ነውና።

ደጋና ቆላ፣ መኪናና አጋሰስ

አልጋ ከመመረጡ በፊት ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። አንደኛው አልጋው በምን ይጓጓዛል የሚል ነው። መኪና እስከ ድንኳኑ ደጃፍ የሚደርስ ከሆነ 10 ኪሎ የሚመዝን አልጋ ችግር የለውም። ከመኪናው መቆሚያ ወዲያ ጭነቱ በፈረስና በበቅሎ የሚሄድ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። 10 ኪሎ የሚመዝኑ ስድስት አልጋዎች 60 ኪሎ ናቸው፤ ይህም ለአልጋ ብቻ አንድ አጋሰስ ይዞ መሄድ ማለት ነው። 2 ኪሎ ከ200 ግራም የሚመዝኑ ስድስት አልጋዎች ግን በድምሩ ከ14 ኪሎ በታች ስለሆኑ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደርበው ይጫናሉ። የአጋሰሱና የነጂው የቀን ኪራይ በጉዞው ቀናት ሲባዛ የቅለት ዋጋ ስንት እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአየር ጠባይ ነው። አምባራይሌ በሚታደንበት የአዋሽና የኦሞ ሸለቆ ቆላማ ሥፍራ አልጋ የሚፈለገው ከጊንጥና ከጉንዳን ከፍ ለማለት፣ ከሥር ነፋስ ለማግኘትና አጎበር በወጉ ለመወጠር ነው። ወባ ባለበት አገር አጎበር የማይሰቀልበት አልጋ ግማሽ አልጋ ነው። በባሌ ደጋ ግን ከሥር የሚገባው ያው ነፋስ ጠላት ይሆናል። የተኛው ሰው ክብደት የመኝታ ከረጢቱን ከሥር ስለሚጨፈልቀው ሙቀት የሚይዘው አየር ይጠፋል፤ ቀዝቃዛ አየርም በሸራው ሥር ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሳል። ስለዚህ ለደጋ የሚገዛ አልጋ ከነምንጣፉ መታሰብ አለበት። የምንጣፉን ክብደትና ዋጋ ሳይደምሩ አልጋው ቀላልና ርካሽ ነው ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

በገበያ ላይ ያሉት ታጣፊ አልጋዎች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከብረት ቱቦ የሚሠራው ነው። ክብደቱ ከ8 እስከ 10 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጥቅሙ እግሩ ቢሰበር በየትኛውም የወረዳ ከተማ ቱቦላሬ የሚበይድ በያጅ ሊጠግነው መቻሉ ነው። ጉዳቱ ክብደቱና ዝገቱ ነው፤ በተለይ ቀለሙ በተላጠበትና ቱቦው በተበሳበት ቦታ ዝገት ቶሎ ይጀምራል።

ሁለተኛው የጦር ሠራዊት አልጋ የሚባለው ዓይነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት ይጠቀምበት የነበረው በእንጨትና በጥጥ ሸራ የተሠራ ሲሆን፣ ኋላ የመጣው በአሉሚኒየምና በናይለን ተተክቷል። ይህም ቢሆን 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከመሬት ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ተቀምጦ ጫማ ለማሰር ይመቻል፤ ከሥሩም ሻንጣ ያስገባል።

ሦስተኛው ከቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንጎች የሚገጣጠመው ዘመናዊ ቀላል አልጋ ነው። ሄሊኖክስና ቴርማሬስት የተባሉት አምራቾች በዚህ ዓይነት ይታወቃሉ። ክብደቱ ከ1 ኪሎ ከሩብ አካባቢ ጀምሮ እስከ 2 ኪሎ ተኩል ይደርሳል፤ ሲታጠፍም ከግማሽ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከረጢት ይገባል። አብዛኛው ከመሬት ከፍታው ከ15 ሳንቲ ሜትር ብዙ ስለማይርቅ ለመቀመጫነት አይሆንም። ዘንጉ ከተሰበረም በመንደር ብየዳ አይድንም። አሉሚኒየም ለመበየድ የተለየ መሣሪያ የሚፈልግ ከመሆኑም በላይ፣ በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም በተበየደበት ቦታ ጥንካሬውን ያጣል።

አሉሚኒየም ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ከብረት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ነገር ግን ለመለመጥም በዚያው መጠን የቀረበ ነው። ቅለትን ከጥንካሬ ጋር የሚያስታርቀው ቅይጡ ነው። 7075 የሚል ቁጥር ያለው ቅይጥ በብዙ ዕቃዎች ላይ ከሚገኘው 6061 ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ይቋቋማል። ሻጩ አሉሚኒየም ነው ብሎ ካበቃ ገዢው የትኛው ብሎ መጠየቅ አለበት።

የሚሰበረው የት ነው?

አልጋ በቱቦው መሃል ሲሰበር እምብዛም አይታይም። የሚሰበረው ሁለት ቱቦዎች ሪቬት በገባባቸው መስቀለኛ ማጠፊያዎች፣ በፕላስቲክ ማጋጠሚያዎችና ሸራው ከጎን ዘንጎች ጋር በሚያያዝበት ስፌት ነው። በሪቬት ፈንታ ቡሎንና ዳዶ ያለው አልጋ ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲሰበርም ይለወጣል። በጫካ ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጨርቁን በተመለከተ በመለያው ላይ 600 ወይም 1,200 ዴኒየር የሚል ጽሑፍ ይታያል። ዴኒየር 9,000 ሜትር ክር በግራም የሚመዝነው ክብደት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የክሩን ውፍረት እንጂ የሽመናውንም ሆነ የስፌቱን ጥራት አይናገርም። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ውኃ ሲነካው ይላላል፤ ፖሊስተር ግን እርጥበትንም ሆነ ፀሐይን የተሻለ ይችላል። የጥጥ ሸራ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። የየትኛውም ጨርቅ ዕድሜ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲውል ያጥራል።

በመለያው ላይ የሚጻፈው የመሸከም አቅምም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። 120 ኪሎ ይችላል ሲባል ሰውየው ተንጋሎ ክብደቱ በሸራው ላይ ሲበተን ነው። ያው ሰው በአልጋው ጠርዝ ላይ ዱብ ብሎ ሲቀመጥ ክብደቱ በሁለት እግሮች ላይ ይከመራል። ስለዚህ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 100 ኪሎ የሚል አልጋ መግዛት አይገባውም፤ ከክብደቱ ቢያንስ በሲሶ የሚበልጥ አቅም ቢይዝ ይመረጣል።

የአንድ ሌሊት ዋጋ

ዋናው ነጥብ ሂሳቡ ነው። ለማስላት ያህል ሁለት አልጋዎች ይታሰቡ። አንዱ 6,000 ብር ተገዝቶ 40 ሌሊት ያገለግላል፤ የአንድ ሌሊት ዋጋው 150 ብር ነው። ሌላው 18,000 ብር ተገዝቶ፣ በመሃል ሸራው በ3,000 ብር ተቀይሮ 200 ሌሊት ያገለግላል፤ የአንድ ሌሊት ዋጋው 105 ብር ይሆናል። በመለያው ላይ ሦስት እጥፍ ውድ የነበረው በሌሊት ሲታሰብ ረክሶ ተገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሂሳቡ ወደ ሌላም አቅጣጫ ይሠራል። ውዱ አልጋ ዋጋውን ለመመለስ ከነሸራው 140 ሌሊት ሊተኛበት ይገባል። በዓመት 60 ሌሊት ለሚያሠራው ድርጅት ይህ ከሁለት ዓመት ተኩል በታች ነው። በዓመት አሥር ሌሊት ብቻ ከከተማ ለሚወጣ ሰው ግን 14 ዓመት ይፈጃል። እንዲህ ያለው ሰው ርካሹን ገዝቶ በጥንቃቄ ቢይዝ አልተሳሳተም። የሚሳሳተው የድርጅቱን ሥራ በግለሰቡ አልጋ ለመሥራት የሚሞክረው ነው።

አስመጪው ምን ይመልከት?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የባንክ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ደካማ ዕቃ አስገብቶ በብዛት መሸጥ የቀድሞውን ያህል የሚያዋጣ አይደለም። ተሰብሮ በተመለሰ ቁጥር የሚተካው ዕቃ በአዲሱ ምንዛሪ ነው የሚገዛው።

ማጓጓዣውም ለቀላሉ አልጋ ያደላል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ሲታጠፍ 1 ሜትር በ20 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን አልጋ ቢበዛ 1,100 ሲገባ፣ 55 በ16 በ16 የሚሆነው ግን ከ2,300 በላይ ይገባል። የጅቡቲ ወደብና የመንገድ ወጪ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሲካፈል ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ለአደን ብቻ ተብሎ ኮንቴይነር አይሞላም። የመንገድ ተቋራጮች፣ ማዕድን ፈላጊዎች፣ ቀያሾች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና ተራራ የሚያስወጡ አስጎብኚዎችም ሜዳ ላይ ያድራሉ። ብዙዎቹ መኪና ስላላቸው የሚሹት ከባዱንና የሚጠገነውን ነው። ስለዚህ ለገበያው የሚበጀው ከባዱን በብዛት፣ ቀላሉን በልክ አስገብቶ ከሁለቱም ጋር ትርፍ ሸራ፣ እግርና ማጋጠሚያ ማምጣት ነው። መለዋወጫ የሌለው ውድ አልጋ አንድ ዘንግ በተሰበረበት ዕለት የምናለሽ ተራ ዕቃ ይሆናል።

ገዢውም በበኩሉ ከሱቅ ሳይወጣ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ይጠቅመዋል። አልጋው ተዘርግቶ በመሃሉ ሳይሆን በጠርዙ ይቀመጥበት፤ ከዚያም ተኝቶ ይገላበጥ። እግሮቹ አራትም ሆኑ ስድስት ሁሉም መሬት መንካታቸውን፣ ስፌቱ ጥንድ መሆኑን፣ ሪቬቶቹ አለመላላታቸውን ይመልከት። የጫፍ ዘንጉን ለማስገባት ትግል ከጠየቀው አይናደድ፤ አዲስ ሸራ ሲወጠር ሊያስቸግር ይገባል፤ ገና ከሱቅ የላላ ግን በጫካ ይረግባል። በመጨረሻም ያለ ሻጩ እርዳታ ራሱ አጥፎ ወደ ከረጢቱ ይመልሰው። ጎህ ሳይቀድ፣ በብርድ በደነዘዘ ጣት ይህንኑ የሚሠራው እሱ ነውና።