ነገ የሚያምረውን ዓሣ ዛሬ መለየት

በጃፓን ኒጋታ ግዛት ተራራማ መንደሮች ግንቦትና ሰኔ የኮይ ዓሣ መራቢያ ወራት ናቸው። አንዲት ትልቅ እናት ዓሣ በአንድ ጊዜ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ሁሉንም ጫጩት ማሳደግ አይቻልም። ኩሬው አይበቃም፤ ቢበቃም አብዛኞቹ ቀለማቸው ጭልም ያለ ወይም ቅርጻቸው የተበላሸ ነው። ስለዚህ አርቢው መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠውም ገና ቀለሙ ያልወጣለትን፣ ከጣት የማይረዝም ዓሣ ነው።

ኮይ የካርፕ ወገን ነው። በቆቃና በዝዋይ ሐይቆች ከዓሣ አጥማጆች መረብ የሚገባው ካርፕ የቅርብ ዘመዱ ነው። የያማኮሺና የኦጂያ አካባቢ የሩዝ ገበሬዎችም መጀመሪያ ያረቡት ለምግብ ነበር፤ በረዶ መንገዱን ዘግቶ በሚከርምባቸው ወራት የሚበላ ዓሣ ያስፈልጋቸው ነበርና። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከጥቁሮቹ መካከል ቀይና ነጭ ጣል ያለባቸው ብቅ ሲሉ ገበሬዎቹ ለይተው እርስ በርስ ያዳቅሏቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1914 በቶኪዮ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርቡ ደግሞ የተቀረው ጃፓን አወቃቸው።

የመጀመሪያው ምርጫ ጊዜ እንደ ዝርያው ይለያያል። ጥቁር፣ ቀይና ነጭ የሚቀላቀሉበት ሾዋ የተባለው ዝርያ በተፈለፈለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለያል፤ ጠቆር ያሉት ጫጩቶች ይቀራሉ፣ የገረጡት ይወገዳሉ። በነጭ ገላ ላይ ቀይ ብቻ ያለበት ኮሃኩ ግን ቀዩ እስኪታይ ድረስ ሳምንታት ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው፣ ዓሦቹን በነጭ ሳህን ላይ በትንሽ መረብ እያነሱ፣ እያንዳንዱን በአንድ አፍታ አይተው ይፈርዳሉ። ይህ ምርጫ በሞቃቱ ወራት በተደጋጋሚ ይካሄዳል።

ገዢን የሚያሳስተው ያማረው ትንሽ ዓሣ ነው። በአንድ ዓመቱ ቀዩ ደምቆ፣ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ መስሎ የተጠናቀቀ ዓሣ ዓይን ይማርካል። ይሁንና ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ዓሣ ቶሎ የደረሰ ወንድ ነው፤ ያለው ሁሉ ወጥቷል፣ ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው መደብዘዝ ነው። ልምድ ያለው አርቢ ግን ብርቱካንማ የመሰለ፣ ለስላሳና ገና ያልጠነከረ ቀይ ያላትን ሴት ዓሣ ያስቀምጣል። ሴቶቹ ገላቸው ይበልጥ ይገዝፋል፣ ቀለማቸውም ዘግይቶ ይበስላል።

ቀዩን ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ይነግራል። ከራስ በኩል ያለው የቀዩ ጠርዝ ነጩ ቅርፊት ስለሚደርበው ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ከጭራ በኩል ያለው ደግሞ የቅርፊቶቹን ቅርጽ ተከትሎ ጥርት ማለት አለበት። የኋላው ጠርዝ ከተበተነ ቀዩ ስስ ነው ማለት ነው። ቀለሙ ወፍሮ ሲሞላ የእያንዳንዱ ቅርፊት ድንበር ይጠፋና ቀዩ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል።

የጥለቱ ስፋትም ከዕድሜ ጋር መታየት አለበት። ገላው ሲረዝምና ሲሰፋ ቀዩ ጥለት አብሮ ይሳባል። በትንሽነቱ ቀይ የበዛበት የሚመስለው ሲያድግ ይመጣጠናል፤ በትንሽነቱ ልክክ ያለው ደግሞ ሲያድግ ባዶ ሊመስል ይችላል። ጥቁሩ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው። በወጣት ሾዋ ቆዳ ሥር እንደ ሰማያዊ ጥላ ተኝቶ ቆይቶ ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ የወጣውም ተመልሶ ሊሰምጥ ይችላል።

ምግብና ውሃም የድርሻቸውን ይሠራሉ። ዓሣ ቀዩን ቀለም የሚሰጠውን ካሮቲኖይድ በራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ያገኘዋል፤ ለዚህም ስፒሩሊና የተባለው ዋቅላሚ በመኖው ይጨመራል። ሲበዛ ግን ነጩ ቆዳ ራሱ ቀለም ይይዛል፤ ነጩ የቆሸሸ ኮሃኩ ደግሞ ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋው ይወድቃል። የተመረጡት በሞቃቱ ወራት በሸክላ አፈር ኩሬ ያድጋሉ፤ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ባለቤቱ እንኳ አያያቸውም። ጥቅምት ላይ ኩሬው ሲቀንስ በመረብ ተሰብስበው ወደ ቤት ውስጥ ገንዳ ይገባሉ። ኩሬ ሲገባ ተስፋ የተጣለበት ዓሣ ጥቅምት ላይ ተራ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይገኝም።

ይህ ሥራ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ያማኮሺ በ2004 እ.ኤ.አ. አይታለች። ጥቅምት 23 በፈረንጆች አቆጣጠር የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ኩሬዎቹን ሰነጠቀ፣ መንገዱን ቆረጠ፤ በሕይወት የተረፉት ዓሦች በሄሊኮፕተር ወጡ። በትውልዶች ምርጫ የተገኙ እናትና አባት ዓሦች ከሞቱ ገንዘብ አይመልሳቸውም፤ አርቢዎቹ ከሁሉ አስቀድመው ለማዳን የሞከሩትም እነዚህን ነው።

ለእንዲህ ያለ ዓሣ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ያስደነግጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. በሂሮሺማ የዓሣ እርባታ ጨረታ ኤስ ሌጀንድ የተባለች፣ ርዝመቷ አንድ ሜትር የሚሆን ኮሃኩ በ203 ሚሊዮን የን ተሸጣለች፤ የገዛት የታይዋን ሰብሳቢ ነው። እሷም ከብዙ ሺህ ወንድሞችና እህቶች መካከል በሳህን ላይ ተነስታ ትቆይ የተባለች ጣት የምታህል ጫጩት ነበረች።