ሲስተሙን የሚመራው ማን ነው? የአይቲ አመራር ትምህርት ለቆቦ ነጋዴና ሠራተኛ

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አመራር ትምህርት ፕሮግራም ጻፊ ወይም ኮምፒውተር ጠጋኝ ለማፍራት የተዘጋጀ አይደለም። የሚያስተምረው ውሳኔን ነው፤ የትኛው ሲስተም ይገዛ፣ ማን ምን ይንካ፣ ሲስተሙ ሲቆም ሥራው በምን ይቀጥል፣ ለጥፋቱስ ማን ይጠየቅ የሚለውን። ተማሪው ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሹም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ጅምላ ነጋዴ። አብዛኞቹ በአካውንቲንግ ወይም በማኔጅመንት ተመርቀው ሥራ ከያዙ በኋላ ነው ሲስተሙ የመጣባቸው። ተከታታይ ትምህርት ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከወልዲያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኘው ቆቦ የማሽላ፣ የጤፍ፣ የከብትና የመስኖ ሽንኩርት ገበያ ናት። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ የወረዳ ከተሞች ሁሉ ወደዚህም ቴክኖሎጂው በየፊናው ነው የመጣው። በ1999 ዓ.ም በወጣው ደንብ መሠረት የካሽ ሬጅስተር ማሽን ነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች በጀታቸውን አይቤክስ በተባለው ሶፍትዌር መመዝገብ ያዙ። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን ከማዕከል ጋር በኔትወርክ አገናኙ፤ ለአርሶ አደሩ ሲያበድር የኖረው አብቁተም ወደ ፀደይ ባንክነት ተሸጋገረ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም፣ ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ዓ.ም በአገሪቱ ሥራ ጀመሩ። እነዚህ ሁሉ ሲገቡ «ይህን ቁልፍ ተጫን» የሚል የጥቂት ቀን ሥልጠና አብሮ ይሰጥ ነበር። ከቁልፉ በስተጀርባ ያለውን ኃላፊነት ያስተማረ ግን እምብዛም አልነበረም።

በብዙ መሥሪያ ቤት «ሲስተም የለም» በተባለ ቁጥር የሚጠራው «የአይቲው ልጅ» ነው። ኬብል ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ይህ ጥገና ነው። ሥራ ለግማሽ ቀን ቢቆም ኪሳራው ስንት እንደሚሆን የሚያውቀው፣ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ይግባ ወይስ ጄኔሬተር ይገዛ ብሎ በጀት የሚይዘው ግን ኃላፊው ነው፤ እሱ ካልወሰነ ልጁ ምንም ቢጎብዝ ዋጋ የለውም።

አንድ የሽንኩርት አምራቾች ማኅበርን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። የአባላቱ ስም፣ ያስረከቡት ኩንታልና ያልተከፈላቸው ሒሳብ በአንድ ላፕቶፕ ላይ በኤክሴል ተመዝግቧል እንበል። ፓስወርዱን የሚያውቀው ሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ነው፤ ባክአፑም እዚያው የላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ያለ ፍላሽ ነው። ሠራተኛው ቢታመም ክፍያ ይቆማል። ቦርሳው ቢሰረቅ ዋናውም ግልባጩም አብረው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ሃያ ኩንታሉን ሃያ አምስት ቢያደርገው ደግሞ ማን እንደለወጠው የሚያሳይ ነገር የለም። ትምህርቱ ለእነዚህ መልስ አለው፤ የሚመዘግበውና የሚያጸድቀው ሰው ይለያይ፣ ፓስወርዱ በታሸገ ኤንቨሎፕ ለሊቀመንበሩም ይቀመጥ፣ ግልባጩ ከቢሮው ውጭ ይደር፣ በየጊዜውም እየተከፈተ መሥራቱ ይታይ። አንዳቸውም ኮምፒውተር ሳይንስ አይጠይቁም። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ስለ ሲስተም ለውጥ የሚሰጠው ትምህርት የአገር ውስጥ ምሳሌ አያጣም። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተ፤ ኤቲኤሞች በሌሊት ተሰለፈባቸው። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደውን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር አስልቶ፣ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገለጸ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ ከሲስተም ፍተሻና ጥገና ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ ገንዘብ መልሱ የሚል ማሳሰቢያ፣ ባልመለሱት ላይም ስምና ፎቶ መለጠፍ ተከተለ። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል።

ይህን ጉዳይ በአመራር ዓይን የሚያይ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ተራ ናቸው። ለውጡ ሥራ ላይ ባለው ሲስተም ላይ ከመዋሉ በፊት በመሞከሪያ ላይ ታይቷል? የሠራው ሌላ፣ ያጸደቀው ሌላ ሰው ነው? ነገሩ ከተበላሸ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በስንት ደቂቃ ነው? ያልተለመደ ወጪ ሲበዛ በሌሊት የሚነቃው ማን ነው? ለቆቦ ሲመነዘር ደግሞ፣ በመስኖ የደረሰ ሽንኩርት በሚጫንበት ሰሞን የማኅበሩን ሶፍትዌር ማደስ፣ ወይም የበጀት ዓመት በሚዘጋበት ሰኔ የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተሮች መቀየር ክልክል ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የቀን መቁጠሪያና እምቢ ማለት የሚችል ኃላፊ ብቻ ነው።

ሲስተም ሲጠፋ ሥራን ስለማስቀጠል ያለውን ምዕራፍ ግን ቆቦና አካባቢው የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም። በ2013 ዓ.ም ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ቆቦ ወዳለችበት ሰሜን ወሎ ዞን ሲዘልቅ ባንክም ስልክም ተቋረጠ፤ በዞኑ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲም ከተጎዱት አንዱ ነበር። መዝገቡ በማዕከል የተቀመጠ ባንክ ቅርንጫፉ ተቃጥሎ እንኳ ቢሆን የደንበኛውን ሒሳብ ካቆመበት ይቀጥላል። ፋይሉ በቢሮው ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ የነበረ ጽሕፈት ቤት ግን ከባዶ መነሣት ግድ ይለዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልባጭን ከአካባቢው ማራቅ ይመስላል። በ2015 ዓ.ም ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ቆየ፤ ያኔ መዝገቡን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ያኖረ የራሱን ሒሳብ ማየት አይችልም ነበር። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት የሚወደሰው ክላውድ ለቆቦ ብቻውን አይበቃም፤ ሩቅ ያለ ግልባጭም፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት የቅርብ መዝገብም፣ ከሁለቱ ጋር የወረቀት ደረሰኝም ያስፈልጋል። ቴሌብር ያለ ዳታ በ*127# መሥራቱ በዚህ ዓይን ሲታይ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ግዢ የሚሰጠው ክፍል አጭር ነው፤ የሶፍትዌር ዋጋ የመነሻው ብቻ አይደለም ይላል። ዓመታዊ ፈቃድ፣ ጥገና፣ ሥልጠናና ሲስተሙ ሲቀየር መረጃውን የማውጣት መብት በውሉ ውስጥ መግባት አለባቸው። ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተለወጠ በኋላም ሁሉም ሰው ፒችትሪ እያለ የሚጠራው ሶፍትዌር በየሥልጠና ማዕከሉ ይሰጣል፤ ያንን መቻል ግን ለመሥሪያ ቤቱ የሚበጀውን ከመምረጥ ጋር አንድ አይደለም። ሕጉም ወደ ኃላፊው ተጠግቷል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃን ይደነግጋል። የአባላትን መታወቂያና ስልክ ቁጥር ሰብስቦ የያዘ ማኅበርም ከዚህ የሚያመልጥ መስሎ ሊታየው አይገባም።

የት ይማሩታል? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው አይዲአርሲ ድጋፍ የተከፈተው የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት በመስኩ የሁለተኛ ዲግሪ ቀዳሚው ነው። ለቆቦ ሠራተኛ ግን ሥራ ትቶ አዲስ አበባ መቀመጥ አይታሰብም። የሚቀርበው በ2004 ዓ.ም የተቋቋመው ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የማታ ትምህርት ከሥራ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው አይሆንም፤ የሳምንት መጨረሻና የክረምት መርሐ ግብር ግን ይሆናል። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መሰላል ላይም የአይቲ አገልግሎት አመራር እስከ ደረጃ 5 ይዘልቃል።

ከአገር ውጭ የሚታወቁት የምስክር ወረቀቶች አይቲልና የአይቲ አስተዳደር ማዕቀፉ ኮቢት ናቸው። አይቲል በ1980ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት ለራሱ መሥሪያ ቤቶች ያዘጋጀው የአሠራር ስብስብ ነበር፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተናው 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ሲሆን 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ለብዙዎች እንቅፋት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ነፃ ቢሆንም የሚያስተምረው ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ለኃላፊው እንደ መንደርደሪያ እንጂ በምትኩ አያገለግልም። ዲግሪ የሚፈልግ ከመመዝገቡ በፊት የተቋሙን ፈቃድ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ከሆነም ጋት የተባለውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል።