አንድ ክፍል ለምትጋሩ ተማሪዎች፦ የትኛው ሳል፣ የትኛው ትኩሳት ያሰጋል?



ለትምህርት ወደ ጅቡቲ ከተማ መጥታችሁ በራስ ዲካ ወይም በሌላ ሰፈር አንዱን ክፍል ለአራትና ለአምስት ተከራይታችሁ ይሆናል። ሙቀቱ ሲበረታ መስኮቱ ተዘግቶ ማቀዝቀዣው ይከፈታል፤ አንዱ ያስወጣውን አየር ሌላው ይስበዋል። ስለዚህ የአንዱ ሕመም የሁሉም ጉዳይ ነው።

የቆየ ሳል

ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ገደማ ይለቃል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ሌሊት ካላበ፣ ሰውነት ከከሳ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ስለሚችል የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል። በከተማው ለዚህ በሽታ የተቋቋመው ማዕከል ቀድሞ ፖል ፎር ይባል ነበር።

ብዙዎች ከክፍሉ እንዳይባረሩ በመስጋት ሳላቸውን ይደብቃሉ። ይሁንና ቲቢ በሳህን፣ በአንሶላ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በአየር ነው። ትክክለኛውን መድኃኒት የጀመረ ሰው በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በእጅጉ ይቀንሳል። አስጊው ሳይታከም የተደበቀው ሳል ነው። ሕክምናው ባብዛኛው 6 ወር ይፈጃል። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ ግን በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል።

ድንገተኛ ትኩሳት

ማጅራት ገትር ግን ቀን አይሰጥም። በ1981 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ታመዋል። ተጠግተው የሚኖሩ ወጣቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ምልክቶቹ፦

- ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት፤
- የአንገት መገተርና ማስታወክ፤
- ብርሃን መፍራት፣ መፍዘዝ ወይም መቃዠት፤
- ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ (በጥቁር ቆዳ ላይ መዳፍንና የእግር ውስጥን ተመልከቱ)።

ምልክቶቹ ሁሉ እስኪሟሉ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ሕመምተኛውን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። አብራችሁት የምትኖሩም ለሐኪሙ ተናገሩ፤ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጣችሁ ይችላል።

ውኃ የመሰለ ተቅማጥ

ሰውን የሚያደክመውና የሚገድለው የፈሳሽ መጥፋት ነው። የተዘጋጀው ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ እየደጋገማችሁ አጠጡ፤ ወደ ጤና ተቋምም ውሰዱ።

ዛሬውኑ የምትጀምሩት

- ጠዋትና ማታ መስኮትና በር ከፍታችሁ ክፍሉን አናፍሱ።
- ስታስሉ አፋችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ።
- ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
- የውኃ ኮዳና የሺሻ ቧንቧ አትዋዋሱ።

ለበጎ ፈቃደኞች

ቋንቋ ያልለመደ ተማሪ ብቻውን ወደ ሐኪም ለመሄድ ይፈራል፤ አብራችሁት ሂዱ። በፈረንሳይኛ ሳል «ቱ»፣ ትኩሳት «ፊየቭር» ይባላል። ሳሉ ስንት ሳምንት እንደቆየ ወይም ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።