ጎደሎን ይሞላል እንጂ ወጣትነትን አይመልስም
ስለ ቴስቶስትሮን ሕክምና አባወራዎች ሊያውቁት የሚገባ

አንድ ወንድም ትዳር ከመሠረተ ሁለት ዓመት ቢሞላውም ልጅ አላገኘም እንበል። ድካም ይሰማዋል፤ ለባለቤቱ ያለው ፍላጎትም ቀዝቅዟል። ጉዳዩን ለወዳጁ ሲያዋየው «የወንድ ሆርሞን ተወጋ፤ ሁሉም ይስተካከላል» ይለዋል። መርፌውን ይጀምራል። ፍላጎቱ ይመለሳል፤ የጓጓለት ልጅ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ይርቃል። ምክንያቱን ባልም ሚስትም አያውቁትም። እንዲህ ባለ ጊዜ ደግሞ በቅድሚያ የምትጠረጠረው ሚስት ናት።

ውድ አንባቢያን! ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ሆርሞኑ እንዴት ይሠራል?

ቴስቶስትሮን የሚመረተው በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ነው። ምርቱን የምታዘው ግን ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ ናት። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ይህች ዕጢ በቂ እንዳለ ቆጥራ ትእዛዟን ታቆማለች። ያን ጊዜ የዘር ፍሬዎቹ ሥራ ይፈታሉ፤ ስፐርምም ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ባደረገው ጥናት መርፌውን በየሳምንቱ ከወሰዱ 271 ጤነኛ ወንዶች መካከል 157ቱ በስድስት ወር ውስጥ ስፐርማቸው ጠፍቷል። የጥናቱ ዓላማም መርፌው ለወሊድ መከላከያነት ይውል እንደሆነ መፈተን ነበር!

መርፌው ሲቆም የአብዛኞቹ ይመለሳል፤ ነገር ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ልጅ የሚሻ ሰው ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር። የዘር ምርትን ሳያቆሙ ሆርሞኑን የሚያነቃቁ ሌሎች መድኃኒቶች አሉና።

ለማን ይሰጣል?

ሕክምናው የሚገባው የዘር ፍሬው ወይም ፒቱታሪ ዕጢው በሕመም፣ በአደጋ ወይም በተፈጥሮ ችግር ምክንያት በቂ ሆርሞን ለማያገኝ ሰው ነው። ለምሳሌ ጆሮ ደግፍ ወደ ዘር ፍሬ ወርዶ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ድካም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የእንቅልፍ እጦት፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ማነስ፣ ጭንቀትም ሰውን ያደክማሉ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ራሱ ሆርሞኑን ስለሚቀንስ ክብደት መቀነስ መጠኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የደም ምርመራው በጠዋት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት መደረግ አለበት።

ምን እንጠብቅ?

እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ 790 አዛውንቶች ለአንድ ዓመት ያህል ግማሾቹ ሆርሞኑን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ቅባት ተቀቡ። ሁሉም ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ነበር። የግንኙነት ፍላጎት በመጠኑ ተሻሻለ፤ ስሜትም ጥቂት ተቃና። ድካም ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ውጤት የማስታወስ ችሎታም አልተሻሻለም።

ፍላጎት በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ጡንቻ ወራት ይፈልጋል፤ አጥንት ደግሞ ዓመታት። ዕጢው ለዘለቄታው የተጎዳበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ችግሩ ስለሚመለስ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው።

ጉዳቱስ?

እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ትራቨርስ የተባለ ጥናት የልብ ሕመም ያለባቸውን ወይም የሚያሰጋቸውን ከ5,200 በላይ ወንዶች ተከታትሏል። ሆርሞኑ የልብ ድካምንና ስትሮክን አበዛ ወይ ለሚለው ጥያቄ ያገኘው መልስ የሚያረጋጋ ነበር፤ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ ሆርሞኑን ከወሰዱት 7 በመቶ፣ ካልወሰዱት 7.3 በመቶ ላይ ደርሷል። ሆኖም የልብ ምት መዛባት፣ የኩላሊት ጉዳትና በሳንባ ደም ሥር የሚከሰት የደም መርጋት ሆርሞኑን በወሰዱት ላይ በዝተው ታይተዋል። መድኃኒቱ ደምንም ሊያወፍር ይችላል፤ የቀይ ደም ሴል ድርሻ ከ54 በመቶ ካለፈ ሐኪሙ ያስቆመዋል። ስለዚህ የደምና የፕሮስቴት ክትትል መቋረጥ የለበትም።

ረመዷንና ቤተሰብ

የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ምግብ ያልሆነ መርፌም ሆነ በቆዳ የሚሰርግ ቅባት ጾምን አያፈርስም። ስለዚህ በረመዷን ሕክምናን ማቋረጥ አያስፈልግም። ቅባቱን የሚጠቀም ሰው ትጥበቱን ከጨረሰ በኋላ ይቀባ፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቦታውንም በልብስ ይሸፍን። በንክኪ ወደ ሚስትና ወደ ልጆች ሊተላለፍ፣ ሕፃናትንም ያለ ዕድሜያቸው የጉርምስና ምልክት ሊያሳያቸው ይችላልና።

ወንድሞች ሆይ! መታከም በዲናችን የተወደደ ነው፤ ማርጀት ግን በሽታ አይደለም። ሽበትን የፈጠረው አላህ (ሱ.ወ) ነው። በሽታ ካለ መርምሮ መታከም፣ ከሌለ ደግሞ በጸጋው መብቃቃት ይገባል። ከሁሉም በፊት ግን ጉዳዩን ከባለቤትህ አትሸሽገው፤ አብራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። በወዳጅ ምክር የተወሰደ መርፌ የእርሷንም የእናትነት ተስፋ ይነካልና።

ወላሁ አዕለም።